ሲኒየር ያልኩት ልጅ

ነገሌ ቦረና ተመድቤ ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ የስምንተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ስለ ስፖርት ውድድር የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ደረስን። አዳዲሶቹ ቃላት ሠላሳ ያህል ነበሩ። ሰሌዳውን በሦስት ዓምድ ከፈልኩት፤ ቃል፣ ትርጉም፣ ምሳሌ። ባዶ የቀረ ዓምድ እንደ ስንፍና ይታየኝ ነበር።

«ሂት» ማጣሪያ ነው አልኩ፤ «ራነር አፕ» ሁለተኛ የወጣው ነው፤ «ስፔክቴተር» ቆሞ የሚያይ ነው። «ስዊሚንግ ፑል» ላይ ስደርስ ግን ግራ ተጋቡ። ሰው እንዲዋኝበት ውሃ የሚሞላ ትልቅ ጉድጓድ ነው ብዬ አስረዳሁ። አንዱ የባለሱቅ ልጅ ሰዎቹ የሚዋኙት ከብቱ ጠጥቶ ከጠገበ በኋላ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ።

አልገባ ያሏቸውን ቃላት ሜዳ አውጥቼ ማስተማር ጀመርኩ። በአመድ መስመር አሰመርኩና ፊሽካ ይዤ ቆምኩ። ከፊሽካው በፊት የተነሳ «ፎልስ ስታርት» አድርጓል ይባላል፤ ሩጫው ይቆማል፣ ሁሉም ወደ መስመሩ ተመልሰው እንደገና ይጀምራሉ። ይህ ቃል ከሁሉም በላይ የገባው አንድ ረጅም ቀጭን ልጅ ነበር። እናቱ ከተልተሌ በኩል የመጡ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ የሚኖሩ ወተት ሻጭ ናቸው። ልጁ ሲሮጥ እግሩ መሬት የሚነካ አይመስልም፤ ጥያቄውም አያልቅም። ያለጊዜው የተነሳ ሰው ሁልጊዜ ይመለሳል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ሁልጊዜ ይመለሳል፣ ሕጉ እንዲህ ነው አልኩት።

በዚያው ወር ከወደራና ከሌሎች ከተሞች ትምህርት ቤቶች ጋር ውድድር እንደሚደረግ ተነገረን። ስም ዝርዝሩን የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። የጁኒየሮቹ ቦታ ሞልቷል፤ በሲኒየር ግን አንድ ሯጭ ጎደለን። ሲኒየር ማለት አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ማለት ነው። ልጁን ጠርቼ ዕድሜውን ጠየቅሁት። እንደ አብዛኛው የአካባቢው ሰው ዕድሜውን በቁጥር አያውቀውም፤ በዝናብና በድርቅ ነው የሚቆጥሩት። ቁመቱን አየሁ። «ሲኒየር ልበልህ?» ስለው ደስ ብሎት ሳቀ። አሥራ ስምንት ብዬ ሞላሁና ፈረምኩ። ርዕሰ መምህሩም ማኅተም አደረጉበት። እናቱን ለመጠየቅ አጥሩን መሻገር ብቻ ይበቃኝ ነበር።

ሁለተኛ ወጣ። «ቲቸር፣ ራነር አፕ ነኝ» እያለ ሜዳውን ዞረ። ቀበሌው ሯጮቹን ሊያመሰግን ስለፈለገ ዝርዝሩን ከነዕድሜያቸው በንጹሕ ጽሑፍ ገልብጬ፣ መስመሩን በቀይ አስምሬ፣ ፈርሜ ሰጠሁ። ሊቀመንበሩ እንዲህ ያለ የተጣራ ወረቀት አይቼ አላውቅም አሉኝ። ኩራት ተሰማኝ።

ከሁለት ወር በኋላ ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና የሚልካቸውን ወጣቶች ሰበሰበ። ልጁ ከነሱ አንዱ ነበር።

እናቱ በማግስቱ ጠዋት ክፍሉ በር ላይ አገኙኝ። እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ ሰላምታውን ጨረሱ። ናጋ፣ ሰላም ነው ወይ፣ አሉኝ፤ እኔ ደህና መሆኔን፣ ዘመዶቼን፣ የማስተምራቸውን ልጆች ጠየቁ። ከዚያ በተሰባበረ አማርኛ ነገሩኝ፤ ያ ከብቱን የጨረሰው ድርቅ ሲመጣ ልጁ ገና ጡት ይጠባ ነበር። በልቤ ደመርኩት። አሥራ ስድስት እንኳን አልሞላውም። «አንቱ ጻፉት» አሉኝ፤ «አንቱ ይፍቁት።» ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። ሊሆን የሚችል ነገር የጠየቁኝ ነበር የመሰላቸው።

ሮጬ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ወንበር ሰጡኝ፣ መሳሳቴን እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ መሳቢያቸውን ስበው የራሴን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«ጓድ መምህር፣ ይሄ የማን ፊርማ ነው?»

«የኔ።»

«ያኔ ነው የዋሹት ወይስ አሁን?»

ቦታ ለመሙላት ብዬ ነው አልኳቸው። እኛም ቦታ እየሞላን ነው አሉ፤ አላፌዙም። የትምህርት ቤቱ ማኅተም ያለበት ማመልከቻ እንዳመጣ መከሩኝ። ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄድኩ። ማኅተሜ ያረፈበትን ወረቀት ሐሰት ነው ብዬ አልጽፍም አሉኝ፤ አንተም ልጅ ነህ፣ ሥራህን ያዝ አሉኝ። ማመልከቻውን ብቻዬን ጻፍኩ። ማኅተም ስለሌለው ቀበሌው አልተቀበለኝም።

መኪናው የቆመው ገበያው ዳር ነበር። ልጁ መኪናው ላይ ሆኖ አየኝና እጁን አውለበለበ። አልፈራም፤ ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ። በሰዎቹ ጫጫታ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ቲቸር፣ ፎልስ ስታርት ነው አይደል? ይመልሱናል» አለኝ።

 ማስረዳት የምወድ ሰው ስሆን ያን ቀን ቆሜ አየሁ፤ ስፔክቴተር ማለት ይህ ነው።

ምዕራፉን ከዚያም በኋላ እዚሁ ነገሌ ሦስት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። ሦስቱን ዓምድ አስምሬ ሲኒየር የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ትርጉሙን ከመጽሐፉ እንዲያነቡ እነግራቸዋለሁ፤ እኔ አልጽፈውም። እስካሁን ከልጁ አንድም ደብዳቤ አልመጣም።

እናቱ ግን ወተታቸውን ይዘው በየጠዋቱ በአጥሩ ሥር ያልፋሉ። ሰላምታ መንፈግ በእነሱ ዘንድ ነውር ነው፤ አልነፈጉኝም። ቆመው ናጋ ይሉኛል። ጤናዬን ይጠይቃሉ፤ ዝናቡን ይጠይቃሉ። በመጨረሻ እንደ ድሮው፣ «ልጆቹስ? ልጆቹ ናጋ?» ይላሉ።

ለዚህ ሰላምታ መልሱ አንድ ብቻ ነው፣ ምንም ነገር ቢደርስ። በየጠዋቱ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ ናጋ እላቸዋለሁ።