የዘምዘም ጣሳ

ሞያሌ ላይ፣ በኬንያ በኩል፣ ወርቅአየሁን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ትናንት የመጣ ነው ወይ ልብስ አይለብስም። ከኢትዮጵያ በስደት መጥታ የስፌት መኪናዋን እዚህ ከተከለች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች፣ የሙሽራ ቀሚስ ታስተካክላለች። አንገቷ ላይ ማተብ፣ እጇ ላይ ደግሞ የማይለያት የእንጨት ማስመሪያ። ምላሷም ቢሆን ከመቀሷ አይተናነስም።

ዘምዘም ነጋዴ ነበረች። ከወዲያኛው ሞያሌ በቆሎና ባቄላ እያሻገረች የምትሸጥ፣ ሳቋ ሦስት ቤት አልፎ የሚሰማ ሴት። ሁለቱን ያወዳጃቸው አንድ የተቀደደ ጆንያ ነው። በዚያ ከብቱን ሁሉ በጨረሰው ድርቅ ጊዜ የዘምዘም ጆንያ መንገድ ላይ ተቀዶ በቆሎው ፈሰሰ። ከዳበል መንደር የመጡ ሴቶች ተሻምተው ከነአፈሩ በልብሳቸው ጫፍ ሲቋጥሩ፣ ወርቅአየሁ መርፌና ክር ይዛ ቀዳዳውን ልትሰፋ ሮጣ ደረሰች።

«ተይው፣ አትስፊው» አለቻት ዘምዘም። «የፈሰሰው የእነሱ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ደንብ ወጣ። ድንበር የሚያሻግር ነጋዴ ሁሉ ከጭነቱ አንድ ጣሳ፣ በኬንያ ጎሮጎሮ የሚሏትን የሁለት ኪሎ ቆርቆሮ ሞልቶ፣ በዘምዘም ግቢ ባለችው ክፍል ያኖራል። ጭነት ይዞ ያለፈ ሁሉ ይተዋል፤ ደንቡ ይኸው ነው። አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ ለቸገረው ይሰፈራል። ማኅተም የለው፣ ሰሌዳ የለው። ሰሌዳው መስኮቱ ላይ የምትቀመጠው የዘምዘም ጣሳ ናት፦ አፏን ወደ ላይ አድርጋ ከቆመች እህል አለ፣ ከተደፋች የለም። ከዳበል ለገበያ የመጣ ሰው በመስኮቱ በኩል ሳያልፍ አይመለስም፤ አይቶ ለአገሩ ያወራል።

ዘምዘም ስትሰፍር እስኪፈስ ትቆልል ነበር። ወርቅአየሁ ደግሞ በማስመሪያዋ ጠርጋ ልክ ታደርገዋለች። በዚህ ያልተጣሉበት አርብ የለም።

«አንቺ የለመድሽው ጨርቅ ነው! ይሄ ሆድ ነው፣ በማስመሪያ አይለካም!» ትላለች ዘምዘም።

«ከኋላ የቆመውስ ሆድ የለውም? ለፊተኛው ስትቆልዪ ለኋለኛው ባዶ ጆንያ ልታራግፊለት ነው?»

እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ልክ ነበሩ። ሰልፈኛው ግን የሚወደው ዘምዘምን ነው፤ ማን ማስመሪያ ይወዳል?

ታዲያ ይህቺ ዘምዘም ታመመችም ሳይባል ሞተች። ሐሙስ ረፋድ ላይ ደረቴን አለች፣ ከቀትር በፊት አረፈች፣ ዐሥር ሰዓት ላይ ተቀበረች። ወርቅአየሁ ደረቷን እየደቃች፣ እንዳገሯ ወግ ሙሾ ልታወርድ ስትገባ ሴቶቹ ያዟት።

«ሰብር አድርጊ፣ ቻይው፣ ወርቄ። በእኛ እንዲህ አይለቀስም፤ ሟቿን ትጎጃታለሽ።»

ዘምዘምን መጉዳት! ወርቅአየሁ አፏን በነጠላዋ አፍና ቁጭ አለች። ሦስቱንም የለቅሶ ቀን እንዲሁ ተቀመጠች። ለቅሶው ግን የትም አልሄደም፣ እዚያው ደረቷ ላይ ቀረ።

የዘምዘም ልጅ ሊበን፣ ሄሉ ሰፈር ውስጥ ሱቅ ያለው የልጆች አባት፣ የክፍሏን ቁልፍ አምጥቶ እጇ ላይ አኖረላት። «እንደፈለግሽ አድርጊ፣ እናቴ። ብትከፍቺም ብትዘጊም የሚቆጣሽ የለም» አላት።

መክፈቱን አልቻለችም። ዘምዘም ሳትኖር ማን ይቆልል? ማንንስ ትጣላ? ነጋዴዎቹም ሐዘኑ ይውጣ ብለው ጣሳቸውን ማምጣት ተዉ። መዝጋቱንም አልቻለችም፤ መዝጋት ማለት ጣሳዋን መድፋት ነዋ! ዘምዘም ረቡዕ ዕለት ለአርብ ብላ በእጇ ያቆመቻትን ጣሳ ደፍቶ መሄድ እሷኑ ደግሞ መቅበር ሆነባት። ስለዚህ በዚያ በኩል ማለፉን ተወችው። ገበያ ስትሄድ እንኳ በላይኛው መንገድ ትዞራለች። ምን ዓይነት ሞኝነት ነው ትሉኝ ይሆናል። ሐዘን ያልደረሰበት ሰው እንዲህ ይላል።

የለቅሶው ቀናት ካለፉ በኋላ በሦስተኛው አርብ ሊበን ደወለላት። «ከዳበል የመጡ ሰዎች በሩ ላይ ተቀምጠዋል አሉኝ። እኔ ሱቅ ነኝ፤ እባክሽ ድረሺላቸው።» ማስመሪያዋን እንደያዘች ወጣች።

ከግድግዳው ጥላ ስር ዘጠኝ ሴቶች ባዶ ከረጢታቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ምዜ፣ በስዋሂሊ አዛውንቱ፣ የሚባሉት ሁካ አሉ፤ በድርቁ ከብታቸው ያለቀባቸው፣ አማርኛን በወዲያኛው ገበያ የለመዱ የዳበል ሽማግሌ።

«ምነው ምዜ፣ አልሰሙም እንዴ?»

«ሰማሁ እንጂ፣ ማማ ወርቄ። አላህ ይዘንላት። ዳበል ያልሰማ የለም።»

«ታዲያ ተዘግቶ እያዩ...»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ወደ መስኮቱ ቀሰሩ። «ጣሳው ቆሟል። ገበያ የመጣው ሁሉ ቆሟል ይለናል። ጣሳው ቆሞ ሳለ እኔ ለሰው እንዴት ቤታችሁ ተቀመጡ ልበል? የመጀመሪያው አርብ መጣን፣ ተመለስን። ባለፈውም መጣን፣ ተመለስን። ዛሬ ሦስተኛ ነው።»

ወርቅአየሁ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ለዘምዘም ክብር ብላ ያልነካቻት ጣሳ ሦስት አርብ ሙሉ የተራበ ሰው ስትዋሽ ከርማለች።

«እኔ ነኝ ያደከምኳችሁ» አለች። «መድፋት አቅቶኝ ነው፣ ምዜ። እሷ ናት ያቆመቻት።»

አንድም ሰው ክፉ አልተናገራትም። እሱ ባሰባት።

በሩን ከፈተች። ውስጥ የቀረው ግማሽ ጆንያ በቆሎ ነው፤ ዳር ዳሩን ነቀዝ ጀምሮታል። ጣሳዋን ከመስኮቱ አነሳችና የሦስት ሳምንት አቧራዋን በቀሚሷ ጠረገችላት። ለመጀመሪያዋ ሴት ሰፈረች። እጇ በልማድ ማስመሪያውን አነሳና ጣሳዋ አፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። የሚጮህባት አልነበረም።

ማስመሪያውን ወርውራ በሁለት እጇ አፈሰች፤ ቆለለች፣ ደገመች፣ እህሉ በጣቶቿ መሃል መሬት ላይ እስኪፈስ ቆለለች። ለቅሶው የወጣው ያን ጊዜ ነው።

«ዘምዘሜ! ይኸው ቆለልኩልሽ! ይኸው፣ እንደወደድሽ!»

እየጮኸች ሰፈረች፣ እየሰፈረች ጮኸች። ሰብር አድርጊ ያላት የለም። ሴቶቹም እያለቀሱ ከረጢታቸውን ዘረጉ። ሁለት ሁለት ጣሳ ከነቁልሉ ወስደው ሲያበቁ፣ ለመጨረሻው ለምዜ ሁካ ግማሽ ጣሳ ብቻ ቀረ።

«አየሽ፣ ዘምዘሜ!» አለች ወርቅአየሁ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች። «ይኸው ለኋለኛው አልደረሰም። አላልኩሽም ነበር?»

ሽማግሌው ከረጢታቸውን ቋጠሩ። «በይ አሁን ድፊው። ሐዘንሽን ተቀመጪ። ተደፍቶ ካየን ሌላ ቦታ እንሞክራለን፣ ሩቅ ሶሎሎ ከተማም ቢሆን እንሄዳለን። የሚከፋው ተጠርቶ መጥቶ ባዶ መመለስ ነው።»

«እስከ መቼ እንደሆነ አላውቅም፣ ምዜ።»

«ማን ጠየቀሽ?»

በሩን ቆለፈችና ጣሳዋን ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች። ልትደፋት ስትል ምዜ ሁካ «ቆዪ» አሉ። የቋጠሩትን ከረጢት መልሰው ፈቱና ከዚያችው ግማሽ ጣሳ አንድ እፍኝ ዘግነው መስኮቱ ላይ አፈሰሱ።

«ኧረ ምን ያደርጋሉ! ለራስዎ መቼ ደረሰና?»

«ጭነት ይዞ ያለፈ ሁሉ ይተዋል፣ ደንቡ ይኸው አይደል? ዛሬ ጭነት ያለኝ እኔ ነኝ።»

ወርቅአየሁ እፍኟን በቆሎ በመዳፏ ወደ መሃል ሰበሰበችና ጣሳዋን በላይዋ ደፋች።