የረጅሙ ጠመንጃ ቆብ

ያ ኮረብታ አሁንም በሕልሜ ይመጣል። በጋይንትና በስማዳ መካከል ነው፤ በሕልሜ ግን መሬት አይነካም፣ ጉም ላይ ተንሳፍፎ ይታየኛል። ጣሊያን ምሽግ ሠርቶበት ነበር። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ እንድንመታው ትእዛዝ የደረሰን ጎህ ሲቀድ ነው።

ተስፋችን ሁለት ሰው የሚሸከመው ረጅም ጠመንጃ ነበር። ተኳሹ የአክስቴ ልጅ ካሳ ነው፤ እንቅልፋም ነበር፣ «ጣሊያን ሲመጣ ቀስቅሱኝ» ይለን ነበር። በአፈሙዙ ጫፍ ጎንና ጎኑ የተበሳ ብረት አለ፤ የባሩዱን ግፊት በግራና በቀኝ እያስወጣ የተኳሹን ትከሻ ያሳርፋል። እኛ ቆብ እንለው ነበር። በመንገድ ጠመንጃውን የጫነችው በቅሎ ስትወድቅ ቆቡ ላላ። የጠገነው አያ ደምሴ ነው። ቀጥቃጭ ነው፤ አብሮን ይዘምታል፣ ማዕድ ግን አብረነው አንቀርብም። ቡዳ ነው እየተባለ ይፈራ ነበር።

ስስ የመዳብ ቀለበት ከሥሩ አግብቶ ቆቡን አጠበቀ። በክር ጥይት አንጠልጥሎ እንደ ቱምቢ እያየ ቀዳዳዎቹን አስተካከለ። ካሳ ጋቢውን ተከናንቦ ተኝቷልና የነገረው ለእኔ ነው።

«ቀዳዳዎቹ ግራና ቀኝ ይዩ። ወደ መሬት ካዩ አቧራው ተኳሹን ያጋልጠዋል።»

«እሺ አያ» አልኩት። የማየው ግን እጁን ነበር። ያ እጅ በነካው ብረት ካሳ ሊተኩስ መሆኑን ሳስብ ፈራሁ። ዞር ሲል ቆቡን ፈታሁ፤ ከቤተ ልሔም ደብር የያዝኩትን ጠበል አፈሰስኩበት፤ መልሼ አልዞር እስኪል አጠበቅሁት። ቀለበቷ ሣር ውስጥ ጠፋችብኝ። ያለ እሷም ጠበቀ፤ ደስ አለኝ። ቀዳዳዎቹ ወዴት እንደሚያዩ ልብ አላልኩም።

አራት ሰዓት ሆነ። ጉሙ ተገፈፈ። በታረሰ ማሳ ዳር በደረታችን ተኛን። ካሳ ተኮሰ። ከአፈሙዙ ሥር አቧራው ቡን ብሎ ተነሣ፤ ቀስ እያለ፣ ፀሐይ እየገባበት፣ እንደ አውድማ እብቅ። ለአፍታ ውብ መሰለኝ። የምሽጉ መትረየስ ወደዚያው ዞረ።

«ዓይኔን ጋረደኝ» አለ ካሳ። ሌላ ቃል አልተናገረም።

ምሽጉን ስምንት ሰዓት ላይ ያዝን። የሞቱብንን ቆጠርን፤ ሦስት ናቸው፤ አንዱ ካሳ ነው። አያ ደምሴ ጠመንጃውን አገላብጦ አየና «ማን ነካው?» አለ። ከኋላችን አንዱ «ቀጥቃጩ በላው» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ወሬው ሠፈሩን ሁሉ አዳረሰ። አያ ደምሴ ወናፉን ተሸክሞ ብቻውን ወደ እስቴ ቁልቁል ወረደ።

እናንተ ዛሬ አርበኛ እያላችሁ ፊት ታስቀምጡኛላችሁ። ካሳ የሞተው ስለ ፈራሁለት ነው፤ ይህን የንስሐ አባቴም ያውቃሉ። የአያ ደምሴን ግን ለእሳቸውም አልተናገርኩም። ያን ቀን «እኔ ነኝ» ብል ኖሮ አይሄድም ነበር።