የሞላሌዋ አያት ድምፅ

ይህ ነገር የሆነው ባለፈው ዓመት ነው። ጥር ላይ ተጀምሮ እስከ ክረምቱ ቆየ። ለማንም አልተናገርኩትም። ልጄ እንኳ የምታውቀው ግማሹን ነው፤ እሱንም ዋሽቻት ነው። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው በስልክ ድምፅ የተነሳ ይህን ያህል ይቀናል ብዬ አላስብም ነበር። ስለዚህ ጽፌ ላስቀምጠው ፈለግሁ።

የምኖረው መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ በትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ስሠራ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ባለቤቴ ካረፉ ቆይቷል። ያለችኝ አንዲት ልጅ ሰብለ ናት። እሷና ባሏ ዳዊት በሥራ ምክንያት ሐዋሳ ይኖራሉ። ማርታ የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ አለቻቸው።

የዳዊት እናት እትዬ ጥሩወርቅ እዚያው መንዝ ያለችው የሞላሌ ሰው ናቸው። የቄስ ሚስት ነበሩ፤ አሁን እንደ እኔው ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ከእኔ ጥቂት ዓመት ይበልጣሉ። ትምህርት ቤት አልገቡም።

ማርታ ከሁለታችንም ርቃ ስለምታድግ ልጆቻችን አንድ ነገር አሰቡ። በየሳምንቱ ቅዳሜ እያንዳንዳችን አንድ ተረት በስልክ በቪዲዮ ቀድተን እንድንልክላት ጠየቁን። እትዬ ጥሩወርቅን ጎረቤታቸው ያለች አስተማሪ እንዴት እንደሚቀዳ አሳየቻቸው። እኔን ማንም አላሳየኝም፤ ራሴ ቻልኩ። ሳሎኔ ውስጥ፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ወንበር አስቀምጬ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ እንዝርቴን ይዤ እየፈተልኩ እናገር ነበር። ማርታ የአያቷን የእጅ ሥራ ትይ ብዬ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ እጄ ባዶ ሲሆን ምን እንደማደርገው ስለማላውቅም ነው።

ወር ያህል ከላክሁ በኋላ ማርታ በስልክ አነጋገረችኝ። የትኛውን ተረት እንደወደደች ጠየቅኋት።

«የሞላሌ አያቴን» አለችኝ። «እሷ ጆሮዬ ውስጥ ሆና ነው የምታወራው። አንቺ ግን ውጭ ነሽ። ደግሞ ንብ አለ።»

«የምን ንብ?»

«ዝዝዝ የሚል።»

ሰብለ ስልኩን ተቀበለቻት። «እማዬ፣ እንዳትቀየሚ፤ ድምፅሽ ይርቃል። ጀምራው ግማሹ ላይ ትታው ወደ እማማ ጥሩወርቅ ትሄዳለች» አለችኝ። ቀጥላም በክረምቱ እረፍት ማርታን አንድ ወር ወደ መንዝ እንደሚልኳት ነገረችኝ። ማንኛችን ቤት መቆየት እንደምትፈልግ ሲጠይቋት ሞላሌ ብላለች።

«እስከዚያ ገና ብዙ ጊዜ አለ» አለች ሰብለ።

«ደግ ነው» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

በሥራ ዘመኔ በሰልፍ ላይ ማስታወቂያ የማነበው እኔ ነበርኩ። ከኋላ የቆመው ተማሪ ሁሉ ይሰማኝ ነበር። አሁን አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ አልሰማ አለችኝ። የልጅቷ ጥፋት አልነበረም። ያናደደኝ የምትሰማቸው እትዬ ጥሩወርቅ መሆናቸው ነው።

ሰብለን የእሳቸውን ቪዲዮ ላኪልኝ አልኳት። ምክንያት ሳላበጅ ነው የጠየቅኋት፤ እሷም አልጠየቀችኝም። ደጋግሜ አየሁት። ፊታቸው በግማሽ ጨለማ ውስጥ ነው። ተረቱም ላይ ይሳሳታሉ፤ ቀበሮ ማለት ሲገባቸው ጅብ ይላሉ። ድምፃቸው ግን አጠገቤ ተቀምጠው የሚያወሩ ያህል ነው። ምራቃቸውን ሲውጡ እንኳ ይሰማል።

ስልኬ የተበላሸ መስሎኝ ከቆላው በኩል መጥቶ ገበያው አጠገብ ሱቅ ለከፈተው ለሰዒድ ወሰድኩለት። ገለባብጦ አየው።

«ስልኩ ደህና ነው፣ እማማ» አለኝ። ግርጌው ላይ ያለች የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነገር አሳየኝ። «ድምፅ የሚገባው በዚች ነው። ይቺ ከተደፈነች ሰው ጋን ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል።» በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ቀስ አድርጎ ጠረገልኝ። ክሩ ላይ ድምፅ መቀበያ ያለው ኢርፎንም ሸጠልኝ።

መቀበያውን ነጠላዬ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያያዝኩት። ነጠላው በተነቃነቀ ቁጥር ይፍቀዋል። ማርታ «አሁን ደግሞ አይጥ ገባ» አለች። ጸጥታ ይሻላል ብዬ ግቢ ወጥቼ ቀዳሁ። የመንዝ ነፋስ ለለመደው ሰው አይታወቀውም፤ ስልኩ ግን አልለመደውም። ከእኔ ተረት የተሰማው ነፋሱ ብቻ ነው።

መጋቢት ላይ ሞላሌ ሄድኩ። የምደርሰው ለቅሶ ነበረኝ። ለቅሶው እውነት ነው፤ ግን ያን ያህል የቅርብ ሰው ስላልነበረ ደውዬ ባጽናና ይበቃ ነበር። ከለቅሶው ስመለስ ሳልነግራቸው ወደ እትዬ ጥሩወርቅ ቤት ጎራ አልኩ። ቅዳሜ ቀን መርጬ ነው።

ቤታቸው በድንጋይ የተሠራ፣ በጓሳ ሣር የተከደነ የድሮ ክብ ቤት ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ ድምፃቸው ይሰማል።

«... ጭላዳውም ‹አያ ጅቦ፣ ብርድ ልብስዎን ማን እንደሰረቀ አውቃለሁ፤ ግን እስኪ መጀመሪያ እኔ ትንሽ ልሙቅበት› አለው።»

እስኪጨርሱ ደጅ ቆምኩ። ተረቱን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። መጨረሻውን ለማወቅ መጓጓቴ ራሱ አናደደኝ።

ስገባ መደቡ ላይ አጎዛ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ከጀርባቸውና ከግራ ቀኛቸው ከጣሪያው እንጨት ላይ ባና፣ ያ ወፍራሙ የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ ወርዷል፤ ትንሽ ድንኳን ይመስላል። ስልኩ በተደፋ ቁና ላይ፣ ከአፋቸው አንድ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ቆሟል። ከግርጌው ያልተፈተለ የበግ ፀጉር በክር ታስሯል።

«ወይዘሮ አስካለ! እንኳን ደህና መጡ። ምነው በደህና?»

«ለቅሶ መጥቼ ነው።»

«እግዜር ያጽናዎ። ይቀመጡ። እኔም ከጅብ ጋር ስጨቃጨቅ አገኙኝ።»

ያላቸውን አቀረቡ። እኔ ግን ባናውን እያየሁ ነበር። ነጭ ሆኖ ጥግ ለጥግ ጥቁር መስመር አለው። ፈትሌ ነው። ለሰብለ ሰርግ፣ ለአማቷ ብዬ ሁለት ዓመት ፈትዬ አሸምኜ የሰጠኋቸው ነው። ለብሰውት አይቻቸው አላውቅም። ንቀውት ነው ብዬ ስድስት ዓመት ሙሉ በሆዴ ይዤ ነበር።

«ይህን ለምን ሰቀሉት?» አልኳቸው።

«እሱማ የቤቴ ጌጥ ነው፤ ጭስ እንዳይነካው ሳጥን ውስጥ ነበር የማኖረው። በኋላ ሳየው፣ ሰው ባና ተከናንቦ ሲናገር ድምፁ አይበተንም። ታዲያ እኔ ከምከናነብ ቤቱን ላከናንበው ብዬ ነው።»

«የታሰረው ፀጉርስ?»

«በዚህ በር የሚገባው ነፋስ ሲያስቸግረኝ ጊዜ፣ በግ ምን ለብሶ ነው ነፋሱን የሚችለው ብዬ አሰብኩ። ለዚችም አለበስኳት።» ሳቁ። «ስልክ እኮ ጆሮዋ እንደ ሽማግሌ ነው። አጠገቧ ካልሆኑ ሁሉን ትሰማና የርስዎን ትተዋለች።»

ለመሄድ ስነሳ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አይቀየሙኝ እንጂ አንድ ነገር ልንገርዎ። ዳዊት የርስዎንም ይልክልኛል። ድምፅዎ መልካም ነው። የሚያስቸግረው እንዝርቱ ነው። ማርታ ንብ የምትለው እሱ ነው። ፈታይ ያልሆነ ሰው አያውቀውም። ሲናገሩ ያስቀምጡት።»

ከዘንቢል ውስጥ አንድ እፍኝ ፀጉር አውጥተው በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ጥቅሉን ልጥለው አስቤ ነበር፤ አልጣልኩትም።

ሳሎኔ ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ወለሉ ሊሾ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የምኮራበት ቤት ነበር። ያን ቀን መሐሉ ቆሜ ሳጨበጭብ ድምፁ ከአራቱም ማዕዘን ተመልሶ መጣ። ለካ ቃሌን የሚበትንብኝ ቤቴ ራሱ ነው።

ወደ መኝታ ክፍሌ ገባሁ። ያሉኝን ብርድ ልብሶች ሁሉ በቁም ሳጥኑና በወንበሮች ላይ ሰቀልኩ። ፍሪጁን ነቀልኩ፤ እሱም ያጉረመርም ነበር። የኢርፎኑን መቀበያ በፀጉሩ ጠቅልዬ፣ ነጠላው እንዳይነካው ሹራቤ ላይ አያያዝኩት። እንዝርቱን ሌላ ክፍል አስቀመጥኩ። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተናገርኩ።

ማርታ በማግስቱ ደወለች። «አሁን ገባሽ» አለችኝ።

ሰብለም «እማዬ፣ ምን አድርገሽው ነው? ማን አሳየሽ?» አለች።

«ራሴ ደረስኩበት» አልኳት።

ሁለት ወር እኩል ሄድን። ሰኔ ላይ የእትዬ ጥሩወርቅ ድምፅ ተለወጠ። መጀመሪያ ደከመ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ታፈነ። ሰብለ የላከችልኝን እንደ ሰማሁት ወዲያው ምክንያቱን አወቅሁ። ሰዒድ እንዳለው ጋን ውስጥ ያለ ሰው ነው የሚመስሉት። ያልታጠበ የበግ ፀጉር ቅባት አለው፤ ስልኩ ግርጌ ላይ ለወራት ታስሮ ቀዳዳዋን ደፍኗታል። አንድ ስልክ ደውዬ «ያጽዱት» ብላቸው ያልቅ ነበር።

አልደወልኩም።

ሦስት ቅዳሜ ዝም አልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ማርታ ሐሳቧን ለውጣ ለክረምቱ መሐል ሜዳ እንደምትመጣ ሰብለ ነገረችኝ። በአራተኛው ከሞላሌ ምንም አልተላከም። «እማማ ጥሩወርቅ አርጅቻለሁ፣ ይብቃኝ አሉ» አለችኝ። አዝናለሁ አልኩ። ያን ቀን ግን የማርታን አልጋ ሳነጥፍ በልቤ እዘፍን ነበር። ይህን መጻፍ ደስ አይለኝም፤ ግን እንደዚያ ነበር።

ማርታ ሐምሌ ላይ መጣች። በሳምንቱ ሌላኛዋን አያቷን እንድታይ ወደ ሞላሌ ወሰድኳት። ከቤት ስወጣ ደረቅ የጥርስ ብሩሽ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ለምን እንደያዝኩት አውቃለሁ፤ እንደማወጣው ግን ገና አልወሰንኩም ነበር።

እትዬ ጥሩወርቅ ልጅቷን አቅፈው ሳሟት። ግን ዝምተኛ ሆነዋል። የሚናገሩትም በሹክሹክታ ነው። ባናው ከጣሪያው ወርዶ ተጣጥፎ ሳጥን ላይ ተቀምጧል።

«ተረት ንገሪኝ» አለቻቸው ማርታ።

«ድምፄ እኮ ሄደ፣ የኔ እናት። ይቺ የመሐል ሜዳዋ አያትሽ ትንገርሽ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ደውዬ የማነጋግረው ሰው ሁሉ አይሰማም ይለኛል። እኔ ግን ለራሴ ምንም አልታወቀኝም። ሰው ሲያልቅ መጀመሪያ የሚሄደው ድምፁ ነው መሰለኝ። እንግዲህ ምን ይደረጋል።»

ያን ሁሉ ሳምንት በራሳቸው ላይ ይህን ሲያስቡ ነው የከረሙት።

«ስልክዎን ይስጡኝ እስኪ» አልኳቸው። ፀጉሩን ፈታሁ። ብሩሹን አውጥቼ ቀዳዳዋን ቀስ እያልኩ ጠረግሁ። ጥቁር ቅባት ወጣ። ከዚያ «‹ማርታ› ብቻ ይበሉ» ብዬ ቀዳሁና አሰማኋቸው። ጥርት ብሎ ተሰማ። ማርታ ከአጎዛው ላይ ብድግ ብላ «እሷ ናት!» አለች፤ አያቷ ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ሳሉ።

እትዬ ጥሩወርቅ ስልኩን አዩ። ቀጥለው እጄ ላይ ያለውን ብሩሽ አዩ።

«ብሩሹን ከመሐል ሜዳ ይዘው ነው የመጡት?»

«አዎ።»

«ደግ አደረጉ» አሉኝ። የጭላዳውንና የአያ ጅቦን ተረት ለማርታ በሙሉ ድምፃቸው ነገሯት። አያ ጅቦ በመጨረሻ ብርድ ልብሱን አላገኘውም።

ማርታ ከወሩ የቀረውን እዚያው እቆያለሁ አለች። ልብሷን በማግስቱ ላክሁላት።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ጥሩወርቅ ተረታቸውን ወደ ሐዋሳ ከመላካቸው በፊት ለእኔ ይልኩልኛል። ቀጥለው ይደውሉና «ወይዘሮ አስካለ፣ ድምፄ ይሰማል?» ይሉኛል። ጎረቤታቸው ያለችው አስተማሪ እያለች እኔን ለምን እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ፤ ያኔ አውቄ ዝም ማለቴን ብሩሹ ነግሯቸዋል። እሳቸውም እንደማውቅ ያውቃሉ። አልተነጋገርንበትም፤ የምንነጋገርበትም አይመስለኝም።

ቅናቱ ለቆኛል ብዬ አልዋሽም። የላኩትን እስከ መጨረሻው አዳምጣለሁ። ብዙ ጊዜ ከእኔው ይሻላል። «ይሰማል» እላቸዋለሁ። ያቺን አንዲት ቃል ለማውጣት አሁንም ትንሽ ጊዜ ይወስድብኛል።