ንፍሮ ያለ ለቅሶ

ኮሮና የሚሉት ነገር ከተማችን መሐል ሜዳ ሲገባ እኔ መናኸሪያው አጠገብ ባለ ምግብ ቤት ዕቃ አጣቢ ነበርኩ። ከደብረ ብርሃን የመጣ አንድ ሾፌር እኛ ጋ ሽሮ በልቶ ሄደ፤ በኋላ በሽታው ተገኘበት ተባለ። እኔ ሰውየውን በዓይኔም አላየሁት፣ ሳህኑን ነው ያጠብኩት። ቢሆንም ሁለት ሳምንት ከቤት እንዳትወጪ አሉኝ። አሠሪዬ ከሩቅ ቆማ "አይዞሽ፣ ሥራሽ የትም አይሄድም" አለችኝ።

የምኖረው ከእናቴ ጋር በአንዲት የኪራይ ክፍል ነው። ቀን ካልሠራሁ ለማታ የሚቀመስ የለም። ስለዚህ ቀበሌው ከቤት ለማይወጡ የቀን ሠራተኞች መንግሥት ድጋፍ አድርጓል ሲል፣ እውነቴን ነው፣ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ በጋሪ አስጭና መጣች። ግማሽ ማዳበሪያ ስንዴና ዘይት። ጥሬ ስንዴ!

"እህቴ፣ ይሄን የት ላስፈጨው?" አልኳት።

"ወፍጮ ቤት ነዋ።"

"ከቤት እንዳትወጪ አላላችሁኝም እንዴ?"

እሷም ደክሟታል፤ ከጠዋት ጀምሮ በእግሯ ስትዞር ነው የዋለችው። "የተፈቀደው ስንዴ ነው" አለችና፣ ከወጣሁ ቀሪው ድጋፍ እንደሚቆም አስጠንቅቃኝ ሄደች። እንድታስፈጭልኝ ጎረቤቴን በአጥር ለመንኳት። "ከናንተ ቤት የወጣ ማዳበሪያ ይዤ ብሄድ ሰው ተራውን ጥሎ ይሸሻል፣ እኔንም ያባርሩኛል" አለች። ምን ልፍረድባት።

እናቴ ጥርስ የላትም፤ ቆሎ አይሆናትም። ገጠር፣ ዘመሮ ሳለን የድንጋይ ወፍጮ ነበረን፤ ለከተማ ምን ያደርጋል ብለን ለሰው ሰጥተነው መጣን። የቀረኝ መቀቀል ነው። እስኪፈርስ ቀቅዬ አቀረብኩላት። አየችና ሳህኑን ገፋችው።

"ማን ሞተ?" አለችኝ።

"ማንም አልሞተም፣ እማዬ። ብዪ እንጂ።"

"በር ተዘግቶ፣ ሰው ድርሽ ሳይል፣ ንፍሮ! ንፍሮ የለቅሶ ነው። አታሟርቺብኝ!"

በነጋታውም እንቢ አለች። ከዚያ ወዲያ ሻይ ብቻ እየጠጣች ትተኛለች፤ ጋቢዋን ራሷ መሳብ አቅቷት እኔ አለበስኳት። ፈራሁ። በሽታው ቢምራት ስንዴው ሊገድላት ነው አልኩ። ማዳበሪያውን ተሸክሜ በሩ ድረስ ሄድኩና ተመለስኩ፤ ቀሪውን ቢከለክሉኝስ? ደግሜ ቀቀልኩ። ደግማ "ማን ሞተ?" አለች። ያን ጊዜ መረረኝ።

"ሥራዬ ሞተ!" ብዬ ጮህኩባት። "ሥራዬ ነው የሞተው! በቃሽ?"

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ተነሥታ ተቀመጠችና ነጠላዋን ለቅሶ ቤት እንደሚለበሰው አዘቅዝቃ ለበሰች።

"ውይ የኔ ልጅ! ታዲያ እንዴት ሳታረጂኝ ቆየሽ?" አለች። "ደግ ሥራ ነበር። ማታ ማታ ትርፍራፊውን ቋጥሮ ይልክልኝ ነበር።"

አንድ እፍኝ ንፍሮ ዘግና በድዷ ታላምጥ ጀመር። ሳቅኩ፤ ሳቁ ሳያልቅ እንባዬ መጣ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ በላች። በበላች ቁጥርም ፈገግ ብላ "እግዜር ያጽናሽ" ትለኛለች።

ሁለቱ ሳምንት አለቀ፤ ሁለታችንም ምንም አላመመንም። ደስ ብሎኝ በጠዋት ምግብ ቤቱ ሄድኩ። ማጠቢያው ላይ ሌላ ሴት ጎንበስ ብላለች። አሠሪዬ ወደ ውጭ ይዛኝ ወጣችና "ሰው ፈራ፣ ምን ላድርግ? አንቺን ካዩ ደንበኛ ይሸሸኛል" አለችኝ። አልተከራከርኩም። በምን አቅሜ?

ቤት ስገባ እናቴ ፊቴን አየች።

"ስንዴ ተርፏል?" አለች።

"ትንሽ አለ። አሁንማ ወፍጮ ቤት እወስደዋለሁ።"

"ተይው" አለች፣ ነጠላዋን እያዘቀዘቀች። "ዛሬ ቀቅዪው።"