ሪውበን ሆልሮይድና የክራግደን ሸማኔዎች

ሪውበን ሆልሮይድ በሙያው የእንጨት ጫማ ሠሪ ነበር። በዚያ ዘመን ክራግደን በምትባለው የሸማኔ መንደራችን ውስጥ በእሱ እጅ ያላለፈ እግር አልነበረም ማለት ይቻላል። ሙዚቃ የተማረው ከአጎቱ በወረሳት አንዲት አሮጌ ሃርሞኒየም፣ በእግር በምትነፋ ትንሽ ኦርጋን ነው። ሥራ ላይ እያለ ዜማ ከመጣለት ደንበኛ ቆሞ ይጠብቀው አይጠብቀው ግድ የለውም፤ መዶሻውን ጥሎ ያገኘው የጫማ እንጨት ላይ በጠመኔ ይጽፋል። የኬዚያ ሳትክሊፍ እናት ግማሽ መዝሙር ተረከዟ ሥር ይዛ ቤቷ ገብታለች እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል።

ቤተ ክርስቲያናችን ኦርጋን ያስገባችው በ1859 ነው። ከዚያ በፊት መዝሙሩን የሚመራው ሰገነቱ ላይ የሚቆመው ጄቤዝ ክራብትሪ ከነቫዮሊኑ ነበር። አዲሱ ቄስ ሜልሪሽ ግን «ይሄ የመጠጥ ቤት ዕቃ ነው» ብለው ቫዮሊኑን ከለከሉና ሪውበንን ኦርጋኑ ላይ አስቀመጡት። ጄቤዝ አልተከራከረም። ከዚያ እሑድ ጀምሮ የመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ጀመር።

የሪውበን መከራም ያኔ ተጀመረ። እሱ ሲጀምር ሕዝቡ አንድ ቃል ወደ ኋላ ይቀራል፤ መሐል ላይ ሲደርስ ሁለት። አንድ እሑድማ እሱ «አሜን» ላይ ደርሶ እጁን ሲያነሣ፣ ምእመኑ ገና የመጨረሻውን ስንኝ እየጎተተ ነበር። ቄሱ ጠሩት።

«አቶ ሆልሮይድ፣ በሰኔ የሰንበት ትምህርት ቤቱ በዓል አለ። ከየሸለቆው እንግዳ ይመጣል። አዲሱን ዜማህን ያን ቀን እናሰማለን። እንደዚህ ከተዘበራረቀ ግን ከሊድስ ከተማ የተማረ ሰው አስመጣለሁ።»

ዜማው ሪውበን ሰው ፊት ለማቅረብ የደፈረው የመጀመሪያው ሥራው ነበር። የቀረው ሦስት ሳምንት ነው። በማግስቱ የሽመና ፋብሪካ ሠራተኛዋ ኬዚያ ጫማ ልታስጠግን ስትመጣ ብሶቱን ዘረገፈላት።

«ሕዝቡን ያሳደመብኝ ያ ሽማግሌ ጄቤዝ ነው!»

ኬዚያ በሣቅ ፈረሰች። «አንተ ሰውዬ፣ እዚህ አገር ስንት ዓመት ኖርክ?»

«አርባ።»

«አርባ ዓመት ሙሉ እግር እንጂ ሰው አላየህማ! የፋብሪካው የሽመና መኪና ጆሯችንን ከበላው ቆየ። እዚያ ውስጥ የምናወራው ከንፈር እያየን ነው። ቤተ ክርስቲያንም የጄቤዝን ክንድ እያየን ነበር ዜማውን የምናነሣው። አንተ ምን አለህ የምናየው? ጀርባ! እሱም የሚያምር ጀርባ ቢሆን!»

ሪውበን ፋብሪካ ውስጥ አንድም ቀን ሠርቶ አያውቅም። መዶሻውን አስቀመጠ። ከዚያ ሽርጡን እንኳ ሳይፈታ ወደ ጄቤዝ ቤት ሄደ። ሽማግሌው ጓሮ ሆኖ እርግቦቹን ያበላል።

«እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ ጄቤዝ?»

«እኔማ ደህና ነኝ። ምነው፣ ኦርጋንህ ታመመች?»

«ኦርጋኑ ጤነኛ ነው። የታመምኩት እኔ ነኝ። ሰው አልከተል አለኝ።»

«ሰምቻለሁ እኮ። እረኛ እንደጠፋው በግ በየፊናው ነው የሚጮኸው። እኔ ደግሞ አላፍርም፣ ደስ ብሎኛል።»

«ይበልዎት። አሁን ግን ክንድዎን ፈልጌ ነው የመጣሁት።»

«ክንዴን ብቻውን? ቫዮሊኔስ?»

«ቄሱ ቫዮሊን እንዳይገባ ነው ያሉት። ስለ መምቻ ደጋኑ ያሉት ነገር የለም።»

ጄቤዝ የእርግቦቹን እህል እስኪደፋ ሣቀ። ግን ወዲያው ኮስተር አለ። «መጀመሪያ ዜማውን አሳየኝ። መጥፎ ከሆነ እጄን አላነሣም።»

ወረቀቱን ተቀብሎ እያንጎራጎረ አነበበው። «ጥሩ ነው። መነሻው ግን ይሮጣል። ሰው ቀና ብሎ እስኪያየኝ አትጠብቅም? የመጀመሪያዋን ድምፅ ዘርጋት።»

ሪውበን ደሙ ፈላ። አንድም ኖታ አልነካም ብሎ ወጣ። ሁለት ቀን ሲበሳጭ ሰንብቶ በሦስተኛው ዘረጋት።

የበዓሉ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞላ። ሪውበን የጄቤዝን ክንድ እንዲያይበት የጢም መላጫ መስታወቱን ኦርጋኑ ላይ ሰቅሎ ተቀመጠ። ጄቤዝ ከኋላ ተነሥቶ፣ በሕዝቡ መሐል አልፎ፣ ኦርጋኑ አጠገብ ቆመና ደጋኑን ከፍ አደረገ። ቄሱ ፊታቸው ቀላ። አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ያቺ ረጅም ድምፅ ወጣች፤ ዓይን ሁሉ ተሰበሰበ፤ ደጋኑም ወረደ። አምስት መቶ ሰው ባንድ አፍ ዜማውን አነሣ። ኬዚያ ስትነግረኝ «ጆሮዬማ ምን ይሰማል፣ ወለሉ ከእግሬ ሥር ሲነዝር ነው ያወቅሁት» ብላኛለች።

ሲያበቃ ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አቶ ክራብትሪ፣ በሚመጣው እሑድም ያንን... እንጨት ይዘው ይመጣሉ?»

«እርግቦቼ ከፈቀዱልኝ፣ አባታችን።»

ከሊድስ ማንም አልመጣም። ሪውበን ሃያ ስድስት ዓመት ኦርጋኑ ላይ ቆየ፣ ከስድሳ በላይ ዜማም ደረሰ። ሁሉም የሚጀምሩት በረጅም ድምፅ ነው። አንድ የከተማ ሙዚቀኛ «ይሄ ስንፍና ነው» ብሎ ጽፎበት ነበር፤ ሪውበን አነበበና ለሚቀጥለው ዜማ ከበፊቱ የረዘመ መነሻ ሠራለት። ዛሬ ሸማኔ ባለበት ሸለቆ ሁሉ የእሱን ዜማ ሲጀምሩ ያቺን ድምፅ ይዘው ይቆያሉ፤ ከኋላ የተቀመጠችው አሮጊት ሸማኔ ቀና እስክትል ድረስ።