የጤነኛዋ አፍንጫ

ላቦራቶሪ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ጤነኛዋ» ነው የሚሏት። ተመራማሪ ናት። ዕድሜዋን የበላው አንድ ጥያቄ ነው፦ የሰውነት መከላከያ ሴሎች ተራ አቧራ ባዩ ቁጥር ጠላት መጣ ብለው አፍንጫን የሚያሳብጡት ለምንድን ነው? ለዚህ የታመመ አፍንጫ ብቻ አይበቃም፤ የሚነጻጸርበት ጤነኛ አፍንጫም ያስፈልጋል። ጤነኛ ሰው ደግሞ አፍንጫዬን ፋቁልኝ ብሎ ሐኪም ቤት አይመጣም። ስለዚህ ከራሷ ትሰጣለች። በየወሩ ቀጭኗን ብሩሽ ወደ ውስጥ ከትታ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ሴሎቿን ፍቃ ታወጣለች። በሽተኛ ሁሉ «ጉንፋን ይዞዎታል? ሽታ ይለያሉ?» ተብሎ ይጠየቃል። እሷን ግን ማን ይጠይቃታል? ጠያቂዋ ራሷ ናት።

እናቷ ካረፈች ወዲህ ከሥራ አልቀረችም። በቀብሩም ቀን አላለቀሰችም። ሰዉ «ጠንካራ ናት» አለ። ታላቅ እህቷ ግን ሌላ ቃል ነበራት።

ይህች እህት የእናታቸውን የአንገት ልብስ ሳታጥብ ፌስታል ውስጥ ቋጥራ ቁም ሣጥን አስገብታዋለች። ቅዳሜ ሲሆን ፈትታ ፊቷን ትቀብርበትና ታለቅሳለች። ከዚያ ለታናሿ ታቀብላለች።

«እንኪ፣ እማዬን አሽቻት።»

ተመራማሪዋ ታሸታለች። ጨርቅ ነው። ደረቷ ውስጥም ምንም የለም።

«አንቺ፣ ልብሽ ድንጋይ ነው እንዴ?»

«ምን ላድርግ እታለም? አልመጣልኝም።»

«ሽታዋ እኮ እየለቀቀ ነው። ካለቀ በኋላ ብታለቅሺ ምን ዋጋ አለው!»

እውነቷን ይሆናል አለች ተመራማሪዋ፣ አውቶቡስ ውስጥ ሆና። ድንጋይ መሆን አያምም። ክፋቱም እሱ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ጥናቱ ተበላሸ። በበሽተኞቹና በጤነኛዋ ሴሎች መካከል የነበረው ልዩነት ድምጥማጡ ጠፋ። ቴክኒሺያኑ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው፣ መጀመሪያ ማሽኑን ረገመ፤ ቀጥሎ ኬሚካሉን ደፍቶ አዲስ ከፈተ። ያው ነው። በመጨረሻ ከማይክሮስኮፑ ቀና ብሎ ራሱን አከከ።

«በሽተኞቹማ አልዳኑም። እኔን ከጠየቅሽኝ የታመመችው ጤነኛዋ ናት። እስቲ ይችን አሽቻት» ብሎ በሽተኞች ከሚፈተኑባቸው ጠርሙሶች አንዱን ከፍቶ ሰጣት።

«ባዶ ነው።»

«ሎሚ ነው» አለ። «እኔ እንኳ ከዚህ ሆኜ ይሸተኛል።» ሳቁ አፉ ላይ ቀረ።

የአፍንጫ ሐኪሟ ገና በመብራት ስታያት አወቀች፤ ሁለቱም ቀዳዳ በእባጭ ተደፍኗል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው። ሐኪሟ የሚነፋ መድኃኒት አዘዘችላት፤ ሽታ ሊመለስ ይችላል፣ መቼ እንደሆነ ግን እንጃ አለቻት። ተመራማሪዋ በእሷ አፍንጫ የተለካውን ሁሉ ከጥናቱ አወጣች። ብዙ ልፋት ነበር። ስታወጣው ምንም አልተሰማትም።

ለእህቷ ግን ሄዳ ነገረቻት።

«ድንጋይ አይደለሁም። አፍንጫዬ ነው።»

እህቷ ዓይኗን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ፌስታሉን አጥብቃ ቋጠረችው። «እንግዲያው እስኪሻልሽ አይከፈትም» አለች።

ከዚያ በኋላ ተመራማሪዋ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ የእናቷ ሽታ ሳያልቅ መድረስ። ጠዋት ማታ መድኃኒቷን ትነፋለች፣ ያገኘችውን ሁሉ ታሸታለች፤ ሳሙና፣ የበር እጀታ፣ የሰው ካፖርት። አንድ ቀን አሳንሰር ውስጥ የጎረቤቷ ሽቶ ድንገት አፍንጫዋን ሞላው። ሥራዋን ጥላ እህቷ ቤት ሄደች።

እህቷ ከማዕድ ቤት እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። አልቸኮለችም። ፌስታሉን ቀስ ብላ ፈትታ አቀበለቻት። ተመራማሪዋ ፊቷን ቀበረችበት፤ ቆየች። የፌስታል ሽታ አለ። ሌላ የለም።

«አልተመለሰልሽማ፣ የኔ እህት» አለች ታላቋ በጥድፊያ። «አይዞሽ፣ መድኃኒቱን ቀጥይ።»

«እጅሽ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል።»

እህቷ እጇን ወደ ኋላ ደበቀች። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ለእኔም ካለቀ ቆየ» አለች። «ገና ድሮ፤ እማዬ ካረፈች በኋላ ሳምንት እንኳ አልቆየም።»

«ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ያስለቅስሽ ነበር?»

«አብረሽኝ የምታለቅሺ መስሎኝ ነዋ።»

ተመራማሪዋ አጠገቧ ተቀመጠች። የአንገት ልብሱ ጭናቸው ላይ ተዘርግቶ ነበር። ያን ቀን እህቷም አላለቀሰችም።