በዶውሮ ዳገት የፈረሰ ካብ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት፣ ሮተርዳም ዙይድ

እትዬ ግራሳ ከእኔ ቀድመው ወርደው የሕንፃው በር ላይ ቆመዋል። ጥቁር ካፖርት፣ አዲስ ጫማ፣ አንድ ትንሽ ሻንጣ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸው አልታዘዝ ካለ ቆይቷል፤ አብሬያቸው የምሄደውም ለዚያ ነው። ስኬቨኒንገን ከምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ የአራት ቀን ፈቃድ ወስጃለሁ።

እትዬ ፖርቱጋላዊት ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ ኖረዋል። ወደብ ሲሠሩ የኖሩት ባለቤታቸው ባለፈው የካቲት አረፉ። እኔ የመኖሪያ ፈቃድ አግኝቼ ሕፃን ልጁን ብቻውን የሚያሳድግ አባት ሆኜ ባዶ ቤት ስገባ፣ መጀመሪያ በሬን ያንኳኩት እሳቸው ናቸው፤ አንድ ድስት የጎመን ሾርባ ይዘው። ሥራ ስውል ልጄን ከትምህርት ቤት ያመጡልኝ፣ ሲያተኩሳት አብረው የተጨነቁልኝ እሳቸው ናቸው። “እትዬ” ማለት ምን እንደሆነ ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም ጠርቻቸው አላውቅም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ሲባል እኔ የማስበው እሳቸውን ነው።

የሚሄዱት የወላጆቻቸውን መሬት ለመሸጥ ነው። ፖርቱጋል ውስጥ ቫል ዶ ሺስቶ በምትባል መንደር አራት እርከን የወይን ተክል አላቸው። ገዢ ተገኝቷል፤ ቅዳሜ መጥቶ ያየዋል። ግን ከባለቤታቸው ሞት ወዲህ “እዚያው ብቀርስ?” ማለት ጀምረዋል። አይቼ እወስናለሁ አሉኝ። እኔ ሸጠው እንዲመለሱ ነው የምፈልገው፤ ይህን ከአንባቢ አልደብቅም።

ትራሙ በድልድዩ ወንዙን ሲሻገር ወደ ውጭ አላዩም። እኔ ግን እሳቸውን አያለሁ።

ሐሙስ፣ ከሰዓት፣ ዶውሮ ወንዝ ዳር

ከፖርቶ የተነሣው አሮጌ ባቡር ወንዙን ተጠግቶ ይጓዛል። መስኮቱ ይከፈታል፤ ሆላንድ ውስጥ የሚከፈት የባቡር መስኮት ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው። የሆላንድን ሜዳ ለለመደ ሰው ይህ አገር ያስደነግጣል። ግራም ቀኝም ተራራ፣ ተራራውም ከእግሩ እስከ አናቱ በድንጋይ ካብ የተሸነሸነ፣ በየእርከኑ ወይን። ቅጠሉ መቅላት ጀምሯል፤ የለቀማ ሰሞን ነው።

እኔ የይፋት ልጅ ነኝ። አባቴ ማሽላ የሚዘራው እንዲህ ባለ እርከን ላይ ነበር። ሲሞት ሆላንድ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ወረቀት እጠብቅ ነበር፤ አልቀበርኩትም። ካቡን እያየሁ ዓይኔን በእጅጌዬ ጠረግኩ። እትዬ አንድ ነገር ሳይጠይቁኝ ከቦርሳቸው መሐረብ አውጥተው ሰጡኝ።

ከጣቢያው እስከ መንደሩ ዳገት ነው። የታክሲው ሾፌር ማኑኤል ስልሳ የደፈነ፣ ወሬ የሚወድ የመንደሩ ሰው ነው። እትዬ ወደ ደች እየመለሱልኝ የአገሩን ታሪክ ተረከልኝ። ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ የወይኑ አገር እዚህ ይጀምራል፣ እዚህ ያበቃል ተብሎ የድንጋይ ምልክት ተተክሎ ነበር። ኋላ ሥር የሚበላ ነቀዝ መጣና ተራራውን አደረቀው። ያን ጊዜ ተትተው የቀሩትን እርከኖች ዛሬም “ሞርቶሪዮ” ይሏቸዋል፤ የሞተ መሬት ማለት ነው። በአያቶች ዘመን ነቀዙ፣ በእነሱ ዘመን ደግሞ ስደቱ። ወንዶቹ ፈረንሳይ ገቡ፣ ጥቂቱ ሮተርዳም። አየሩን ሲገልጹት ዘጠኝ ወር ክረምት፣ ሦስት ወር ገሃነም ይላሉ።

መንደሯ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ቡና ቤት፣ አብዛኛው የተዘጋ ሠላሳ የሚሆን ቤት ናት። አንድ ቡና ሰማንያ የዩሮ ሳንቲም። አምስተርዳም የምትኖረው ልጄ ይህን ብትሰማ ወደዚህ ትሰደዳለች።

ዓርብ፣ ጠዋት፣ እርከኑ ላይ

ሦስቱን እርከን ጎረቤት ሲንከባከበው ኖሯል፤ ዘለላው ጥቁር፣ ደቃቅ፣ ጣፋጭ ነው። አራተኛው ግን ካቡ በክረምት ዝናብ ተንዶ፣ አፈሩ ፈሶ፣ ግንዶቹ ሥራቸው ወጥቶ ተጋድመዋል። ማኑኤል ራሱን እየነቀነቀ ሞርቶሪዮ አለ። እትዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እንግዲህ ይሸጥ ማለት ነው፣ አሉ፤ ድምፃቸው የሌላ ሰው መሰለኝ።

ደስ አለኝ። ማፈር ሲገባኝ ደስ አለኝ። ቀጥሎም ገዢው ይህን አይቶ ቢሸሽስ የሚል ሐሳብ ያዘኝ። እሳቸውን ያደርንበት የወላጆቻቸው ቤት አድርሼ ተመለስኩና ሸሚዜን አወለቅኩ።

የዚህ አገር ድንጋይ እንደ ገበታ ጠፍጣፋ ነው። እጄ አረጋዊ ማጠብ ለምዶ ለስልሷል፣ አሠራሩን ግን አልረሳም። ረጅሙን ድንጋይ ወደ ውስጥ አስተኛለሁ፣ ከኋላው ውሃ እንዲያሳልፍ ጠጠር እሞላለሁ፣ ካቡን ወደ ተራራው ትንሽ አዘነብላለሁ። ማኑኤል ጥቂት ሲያይ ቆየና እሱም እጅጌውን ሰበሰበ። ቋንቋ የለንም፤ ድንጋይ እንቀባበላለን። ሚስቱ ምሳ ስታመጣ ዓርብ መሆኑን በምልክት አስረዳኋት፤ ሥጋውን መልሳ ዳቦና ወይራ አመጣችልኝ። ፀሐይ ስትጠልቅ ስድስት እርምጃ የሚሆን ካብ ቆሟል።

ቅዳሜ፣ ጠዋት፣ እዚያው

ገዢው ንጹሕ ጫማ ያደረገ ትሑት ሰው ነው፤ ካቡን አይቶ ወዲያው ተስማማ። እትዬ ግን አልሰሙትም። ከዘራቸውን ጥለው በሁለት እጃቸው ካቡን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት። ከዚያ ለሰውዬው በቋንቋቸው አንድ ነገር ነገሩት። ባርኔጣውን አንሥቶ፣ እጅ ነሥቶ ሄደ።

“ፈርሶ ቢቀር ሸጬው እሄድ ነበር” አሉኝ። “ቆሞ ሳየው እጄ እምቢ አለ።”

“እትዬ፣ እኔ የሠራሁት እንዲሸጥልዎ ብዬ ነው።”

“አውቃለሁ። ያለ እኔ እንዴት እንደምትሆን ስታስብ እንደከረምክም አውቃለሁ።” እጄን ያዙኝ። “አንተስ? የአባትህን ካብ ቆሞ ብታገኘው ትሸጠዋለህ?”

ካቡ ሥር ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ እሳቸውም ጀርባዬን አሻሹልኝ።

እሑድ፣ ከሰዓት፣ አምስተርዳም

ልጄ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ትጠብቀኛለች። ከኋላዬ ተመለከተች፤ ሻንጣ ይዤ የመጣሁት እኔ ብቻ ነኝ።

“ኦማስ? የታለች?” አለች። እትዬን ኦማ ትላቸዋለች፣ በደች አያት ማለት ነው፤ “የታሉ” እንድትል ማስተማር ከተውኩ ቆይቻለሁ።

እዚያው ቀሩ አልኳት። ወደ ሮተርዳም በሚወስደው ባቡር ውስጥ ገዢውንም ካቡንም፣ ለምን እንደሠራሁትም ነገርኳት። እንባዋን ጠረገች።

“እንዲሸጥ ከፈለግክ ለምን እንደዚያ አሳምረህ ሠራኸው?”

“አባቴ ያስተማረኝ አንድ አሠራር ብቻ ነው” አልኳት።